ከ«ደ» ስሸሽ ያመለጡኝ ሥራዎች

ስሜ በ«ደ» ይጀምራል። የአባቴ ስምም በ«ደ» ነው። የአያቴም እንደዚያው። አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ «ደ» በአንድ ልጅ ላይ ያከማቸው ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። ሲናገር ለሚንተባተብ ሰው ግን ተራ በተራ የተቆለፉ ሦስት በሮች ናቸው። ቃለ መጠይቅ ደግሞ በምን ይጀምራል? «እስቲ ሙሉ ስምህን ከነአያትህ ንገረን።»

እኔ ሰባት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ገብቻለሁ። ስድስቱን ወድቄያለሁ። ያኔ ስድስቱንም «አፌ ነው የጣለኝ» እል ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጣለኝ መንተባተቤ ሳይሆን እሱን ለመደበቅ ያደረግኩት ነገር ነው። አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁና አፋችሁ የሚያያዝባችሁ ሰዎች ቢያንስ የኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የጀመረኝ በአራት ዓመቴ ገደማ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «ውሻ አስደንግጦት ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ ጠበል ወስዳኛለች። ጠበሉ ልቤን ያረጋጋልኝ ነበር፤ አፌ ግን እንደታሰረ ቀረ። ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ልጁ በዚያው ሰሞን ውሻም ይጮህበታል፣ ይወድቃልም፤ ቤተሰብ ያንን ያስታውሳል። እውነቱ ግን አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድና ከዘር ጋር የተያያዘ ነገር ነው። የእናቴ ወንድምም ይንተባተባል፤ እሱን የማን ውሻ እንዳስደነገጠው የነገረኝ የለም። ጭንቀት መንተባተብን አያመጣውም። ያለውን ግን ያባብሰዋል።

ከመቶ ሕፃናት አምስቱ ያህል በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ። አብዛኞቹ ይተዋቸዋል። አዋቂ ሆነው የሚቀጥሉት ከመቶ አንድ ያህል ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ከሴቶቹ በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ከመቶ አንድ ማለት ጎንደርን በሚያህል ከተማ ውስጥ በሺዎች የምንቆጠር ሰዎች ነን ማለት ነው። የት እንዳለን ብትጠይቁኝ፣ ዝም ብለን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከልጅነቴ ልጨምር። የኔታ ዘንድ ከልጆች ጋር በአንድ ድምፅ ፊደል ስቆጥር አንድም ቀን አልተያዝኩም። መዝሙር ስዘምርም እንዲሁ። ብቻዬን «ተነሥተህ አንብብ» ስባል ግን አበቃ። ልጆቹ «ያስመስላል» ይሉኝ ነበር። ማስመሰል አይደለም። በዜማና ከሌሎች ጋር በኅብረት ሲሆን መንተባተብ በአብዛኛው ይጠፋል፤ በዓለም ላይ ያለን ሁላችንም ማለት ይቻላል እንደዚያ ነን። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ለቅሶ ይቀርልኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በአካውንቲንግ ተመረቅኩ። የጽሑፍ ፈተና አልፈራም፤ እስክሪብቶ አይንተባተብም። የሚያስፈራኝ የአላፊዎች ስም ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከሥሩ «ለቃለ መጠይቅ ኦሪጅናል ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» የሚለው መስመር ነው።

የመጀመሪያው አንድ ባንክ ነበር። ይጠየቃል ያልኩትን ሁሉ መልሱን ጽፌ እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። ትልቅ ስህተት። የሸመደዳችሁት መልስ የምትፈሩት ቃል ከሩቅ ሲመጣ እንዲታያችሁ ያደርጋል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲቀረው ጉሮሮ መታነቅ ይጀምራል። ልትሉት የፈለጋችሁትን ሐሳብ ያዙ፤ ቃሉ እዚያው ይምጣ።

ስሜን እንደምንም አለፍኩት። እያሳልኩ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ። ከዚያ ከመሀል የተቀመጡት ሰውዬ ዘና ሊያደርጉኝ ፈልገው «ሰፈርህ የት ነው?» አሉኝ። ቤታችን ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ነው። «ደብረ» ስትመጣ ታየችኝ። በሩን ዘጋሁባትና «አዘዞ» አልኩ። ልስልስ ብሎ ወጣ።

የሰውዬው ፊት በራ። «አዘዞ? እኔም እኮ የአዘዞ ሰው ነኝ! የት ጋ?»

አዘዞን የማውቃት በመኪና ሳልፍ ነው። «ከአየር ማረፊያው ወደዚህ…» አልኩ።

«ከአየር ማረፊያው ወደዚህማ ጎንደርም አለች» አሉ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዚህ መሀል መታወቂያዬ ከነአድራሻው ፊታቸው ተቀምጧል። አንደኛው አነሣው፣ አየው፣ ለጎኑ ሰው አሳየው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ሰው ገንዘብ ሊቆጥር ባንክ መጥቶ የገዛ ሰፈሩን ሲዋሽ እናንተ ብትሆኑ ትቀጥሩታላችሁ?

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይቆርጠኛል። አንድ መሥሪያ ቤት ነው። «የቋሚ ንብረት ዋጋ በየዓመቱ ሲቀንስ በሒሳብ ምን ይባላል? እንዴትስ ይሰላል?» ተባልኩ። ዲፕሪሲዬሽን። የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ለጓደኞቼ ያስጠናሁት ርዕስ ነው። ምላሴን ላይኛው ጥርሴ ሥር እንደ ሚስማር ተከልኩት፤ አልነቀል አለኝ። በአማርኛ «የእርጅና ቅናሽ» ማለት ይቻል ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሰዋል። ሦስቱም እያዩኝ ነው። «አላውቅም» አልኩ።

ሥራውን ያገኘው ያስጠናሁት ልጅ ነው። ደስ ብሎኝ ግብዣው ላይ ተገኝቻለሁ። በቅናት አይደለም የማወራው። ግን ተጠንቀቁ፤ መንተባተብን ለመሸሽ ብላችሁ «አላውቅም» ካላችሁ ጠያቂው የሚጽፈው «አያውቅም» ብሎ ነው። «ይንተባተባል» ብሎ ቢጽፍ ይሻላችሁ ነበር።

ስለ ሦስተኛው ብዙ አልልም። አንድ ወዳጄ «አንድ መለኪያ አረቄ ጣል አድርግ፣ ይፈታሃል» አለኝ። አፌ እንደታሰረ ነው፤ ሽታው ግን ቀድሞኝ ገባ። አታድርጉት።

አራተኛው በስልክ ነበር። ለኛ ለመሰሎቹ ስልክ የሰይጣን ሥራ ነው። ፊታችሁ አይታይ፣ ከንፈራችሁ ሲታገል አይታይ፤ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው። ደዋይዋ «ሃሎ?» አለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም» አለችና ዘጋችው። መልሳ ደወለች። ያው። ሦስተኛ አልደወለችም። ኔትወርክ መስሏታል። ለስንት ሥራ አጥ ምክንያት የሆነው ኔትወርክ ለአንድ ቀን እንኳ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በኔ ምክንያት ተሰደበ።

ከዚያ ወዲያ ለወራት ማመልከት ተውኩ። እናቴ «ልጄ፣ ሱቅ እንክፈትልህ?» ትለኝ ጀመር። ሱቅም ቢሆን ንግግር ነው፤ እሱን አልነገርኳትም።

ነገሩ የተለወጠው ባላሰብኩት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችንን ግንቡን ላስጎበኛቸው ፋሲል ግቢ ይዣቸው ገባሁ። አስጎብኚ ተሰጠን፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ፊታችን ቆሙና እንዲህ አሉ፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ እንተባተባለሁ። አንዳንድ ቃል ይይዘኛል። ያን ጊዜ እናንተ ጥላ ሥር አረፍ በሉ፤ ቃሉ ይመጣል።» ዘመዶቼ ፈገግ አሉ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሰው ይህን በገዛ አፉ፣ ሳይጠየቅ፣ በአደባባይ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«ይህን ትልቁን ግንብ ያሠራው ዐፄ ፋ… ፋ…» አሉና ቆሙ። እኔ በሳቸው ፋንታ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው አልደፉም። ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። አልተቻኮሉም፣ አላሳሉም፣ እግራቸውን መሬት አልመቱም። «…ፋሲለደስ ነው። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻው አደረጋት» ብለው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። ከዚያ ወደ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ኢያሱ ግንብ ወሰዱን። በጉብኝቱ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሳይያዙ አልቀሩም። ዘመዶቼ ከሁለተኛው በኋላ መቁጠር ትተው ስለ ነገሥታቱ ይጠይቁ ነበር።

ሲጨርሱ ተከተልኳቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም እን… እን…»

ዝም ብለው ጠበቁኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፤ እርስዎ ይጨርሱት እንደማለት።

«አልጨርስልህም» አሉኝ። «ያንተ ቃል ነው።»

«…እንተባተባለሁ» አልኩ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ለማንም ብያት አላውቅም።

ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ሻይ ጠጣን። እሳቸውም ሥራውን ሲጀምሩ ይሸሹ እንደነበር ነገሩኝ። «‹ፋሲለደስ› ላለማለት ‹ንጉሡ› እላለሁ። ‹ንጉሡ ይህን ሠራ፣ ንጉሡ ያንን ሠራ።› አንዱ እንግዳ ‹የትኛው ንጉሥ?› አለኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ እኮ ስንት ንጉሥ ነው ያለው! ላብ በላብ ሆንኩ። ጎንደር ተቀምጠህ ፋሲልን ሸሽተህ የት ትደርሳለህ? ግንቡ ፋሲል፣ መዋኛው ፋሲል፣ ኳሱ ፋሲል!» ከዚያ አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሆነች ጎብኚ መጥታ ሁለት ቀን አብራቸው ዞራ፣ የምታውቀውን ነግራቸው እንደሄደች አጫወቱኝ።

እኔም የተማርኩትን ሁሉ ከሳቸው ነው የተማርኩት። የቀረውን ስልኬ ላይ እያነበብኩ ሞላሁት። መድኃኒት አለው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ተውጦ የሚፈታው ክኒን የለም። «በሳምንት ውስጥ እናድንሃለን» የሚል ካገኛችሁ ብራችሁን ያዙ። መልመድ የሚቻለው ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ስትያዙ አለመግፋት። «ደ» የሚወጣው የምላስ ጫፍ ላይኛው ጥርስ ሥር ነካ ሲያደርግ ነው። ነካ ብቻ። እኔ በፍርሃት እጫነዋለሁ፣ ሲጫን አየር ይታፈናል፣ ሲታፈን የበለጠ እጫናለሁ። አሁን ስያዝ ቆም እልና ምላሴን አላላዋለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ፣ «ደ»ዋን ሳብ አድርጌ እወጣለሁ። የተወሳሰበ ድር መጎተት ያጠብቀዋል፤ ላላ ሲያደርጉት ነው ጫፉ የሚገኘው። ይህን ቤት ውስጥ ብቻችሁን አትለማመዱት፤ ብቻውን ሲሆን የሚንተባተብ ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አይታወቃችሁም። ሰው ፊት ነው የሚለመደው።

ሁለተኛው ሲነግሩኝ ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ሆን ብለህ ተንተባተብ አሉኝ። ገበያ ግባና ባትያዝም እንኳ እየደጋገምክ በላቸው፣ ዓይናቸውን እያየህ። እኔም ፒያሳ ካለ ሱቅ ወደ ሱቅ እየዞርኩ «ደ-ደ-ደ-ደብተር አለ?» ማለት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ሳቀ። አንዲት እናት «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ውሃ ጠጣ» አሉኝ። የቀሩት ሁሉ ደብተሩን አውጥተው ዋጋውን ነገሩኝ፤ በቃ። ዓለም አልተደፋም። የምፈራውን ነገር እኔው በፈቃዴ ሳደርገው ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ሟሟ። ቤቴ ውስጥ ስንት ደብተር እንደተከማቸ ግን አትጠይቁኝ።

ባጃጅ ስይዝም «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ማለት ጀመርኩ፣ ከነሙሉ ስሙ። ቀድሞ «ቀጥታ ሂድ፣ አሳይሃለሁ» ነበር የምለው። ቀጥታ ሂድ እያልኩ ስንቴ ትርፍ ሒሳብ እንደከፈልኩ!

ይህ ሁሉ አምስት ወር ያህል ወሰደ። ደግ ቀን አለ፣ ክፉ ቀን አለ። ሰኞ ወንዝ ሆኜ ማክሰኞ ድንጋይ እሆናለሁ። «ወደ ኋላ ተመለስኩ» ብላችሁ አትደንግጡ፣ የነገሩ ጠባይ ነው።

ከዚያ እንደገና አመለከትኩ። አምስተኛው ላይ እንደ ጋሼ ቀድሜ ልናገር ወሰንኩ። ግን አነጋገሬ ተበላሸ። አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የአፍ ችግር አለብኝ፣ ስላስቸገርኳችሁ…» አልኩ። ልቅሶ ቤት የገባሁ ነበር የምመስለው። ጠያቂዎቹ አዘኑልኝ። በጣም አዘኑልኝ። ሁለት ቀላል ጥያቄ ጠይቀው «እግዚአብሔር ይርዳህ ልጄ» ብለው በአራት ደቂቃ ሸኙኝ። የታዘነለት ሰው አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ነጥብ አያገኝም።

ስለዚህ ሲነገር እንዴት እንደሚባል ተለማመዱ። እኔ አሁን የምለው ይህንን ነው፦ «ከመጀመራችን በፊት፣ ስናገር እንተባተባለሁ። አንዳንዴ አንድ ቃል ይይዘኛል። መልሱን ስለማላውቅ አይደለም፤ ቃሉን እኔው እጨርሰዋለሁ፣ ትንሽ ጠብቁኝ።» በቃ። ይቅርታ የለበትም፣ ታሪክ የለበትም። ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አይፈጅም፤ ካልተያዛችሁ። ከተያዛችሁም ችግር የለም፤ የምትሉትን በተግባር አሳያችኋቸው ማለት ነው። በሲቪ ላይ ግን አልጽፈውም። ወረቀት ላይ ያለ ቃል ሰውን ሳያየው ይገምተዋል፤ ፊት ለፊት ሆኜ ብናገረው ይሻለኛል። ይህ የኔ ምርጫ ነው።

የዓይንን ነገርም ላንሣ። እኛ አገር ታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው። ስታዳምጡ አድርጉት። ስትያዙ ግን አትስበሩ። ቃል ተይዞባችሁ ዓይናችሁ ወለል ላይ ከወደቀ ጠያቂው ጥፋት ያገኘ ይመስለዋል።

ስድስተኛው ላይ ሁሉንም በደንብ አደረግኩ። ወደቅኩ። ከለመድኩት ውጪ ሆንኩና የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ምክንያቱን ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ የነጥብ ወረቀቱን አውጥታ አሳየችኝ፤ በቃለ መጠይቁ ሁለተኛ ነኝ፣ በጽሑፍ ፈተናው ደግሞ ሰባተኛ። ሳላነብ ነበር የገባሁት! ብዙ ጊዜዬን ለአፌ ሰጥቼ መጽሐፉን ረስቼዋለሁ። እየሳቅኩ ወጣሁ። ውድቀት ሁሉ የመንተባተብ አይደለም፤ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሰባተኛው አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ነው። ጠዋት ቀድሜ ደረስኩና ጸሐፊዋን «ከተቻለ ከመጀመሪያዎቹ ጋር አስገቢኝ» አልኳት። ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ስምን በሆድ መደጋገም ከቃለ መጠይቁ የባሰ ያደክማል። ሁለተኛ አስገባችኝ።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ያችን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ከዚያ ስሜ። የመጀመሪያዋ «ደ» ያዘችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ከተያዝኳቸው ረጅሙ ሳይሆን አይቀርም። ወጣቱ ጠያቂ ፊቱ ያለውን ወረቀት አይቶ ስሜን ሊጠራልኝ ሲል ሴትዮዋ እጃቸውን አነሡ። «ይጨርስ። ነግሮን የለ?» አሉ። ላላ አደረግኩ። ሳብ አድርጌ ወጣሁ። የአባቴን ስም፣ የአያቴንም።

እና ምን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው? ስለ ጭነት መኪና የእርጅና ሒሳብ። ልስቅ ነበር። «ዲ-ዲ-ዲፕሪሲዬሽን» አልኩ፣ አማርኛውን እያወቅኩት። ከዚያ «በወረቀት ላይ እየሠራሁ ላስረዳ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ። መኪናው በ1,200,000 ብር ቢገዛ፣ አሥር ዓመት ቢያገለግልና በመጨረሻ በ200,000 ብር ቢሸጥ፣ ልዩነቱ ለአሥር ተካፍሎ በየዓመቱ 100,000 ብር ወጪ ይያዛል። እየጻፍኩ ሳስረዳ ግማሹን ያህል እንኳ አልተያዝኩም። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ የሚቀለው ሰው አለ፤ እኔ አንዱ ነኝ።

ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም። መንተባተብ አካል ጉዳት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወውና፣ በአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር ጊዜ አድልዎን ይከለክላል፤ አሠሪው ሁኔታዎችን እንዲያመቻችም ያዛል። ማወቁ ልብ ይሰጣል። እኔ ግን አዋጅ አልጠቀስኩም፤ እስክሪብቶ ነው የጠየቅኩት።

ይህን የሚያነብ ጠያቂ ካለም አንድ ልመና አለኝ። «ተረጋጋ» አትበሉን፤ የተረጋጋንም እንንተባተባለን። ቃላችንን አትጨርሱልን፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የምትጨርሱት ሌላ ቃል ነው። እንደ ሴትዮዋ ጠብቁ፣ ይበቃል።

ውጤቱ ሲለጠፍ ተጠባባቂ ነበርኩ። አንደኛ የወጣው ልጅ ሥራ ገባ፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ለእናቴ «ተጠባባቂ» ማለት ምን እንደሆነ ሳስረዳት «ልጄ፣ አንተ ከተወለድክ ጀምሮ ተጠባባቂ ነህ» አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንሥቼ የመጀመሪያው ትንፋሽ ላይ «እንተባተባለሁ፣ ዝ-ዝምታ ከሰሙ ኔትወርክ አይደለም፣ አይዝጉት» አልኩ። ወዲያ ማዶ ሳቅ ሰማሁ። ጸሐፊዋ ነበረች። ልጁ ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቆ ነበር።

ጋሼን ልነግራቸው ፋሲል ግቢ ሄድኩ። እንግዳ ይዘው ነበርና ዋርካው ሥር ጠበቅኳቸው። ስነግራቸው ሻዩን እንድከፍል አደረጉኝ፤ «ደሞዝተኛ ነህ አሁን» ብለው።

ስልክ አሁንም ይከብደኛል። ቢሮዬ ውስጥ ያለው ስልክ ሲጮህ ሁለት ሦስቴ አስጮኸዋለሁ፣ ጓደኛዬ ካነሣችው ብዬ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ደንበኛ ስለ ሒሳቡ ሊጠይቅ ደውሎ የድርጅታችንን ስም ስጀምር ተያዝኩ። «ሃሎ? ሃሎ? ኧረ ይሄ ኔትወርክ!» ብሎ ዘጋው። ቁጥሩን አየሁትና መልሼ ደወልኩለት።